ፍላሹን ከመንቀላችሁ በፊት

እስቲ በጥያቄ ልጀምር። ኮምፒውተር ስትከፍቱ ከሁሉ ቀድማችሁ የምትነኩት ፕሮግራም የቱ ነው? «ወርድ» ያለ ተሳስቷል። «ክሮም» ያለም እንደዚያው። ወርድ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ያቺን ፎልደር ሁለቴ ተጭናችሁ «ያ ፋይል የት ነበር?» እያላችሁ የምትንከራተቱበት ቤት አለ። ፋይል ማኔጀር ይባላል። ማንም በስሙ አይጠራውም። እንደ ቤት በር ነው፤ በር ደግሞ የሚታወሰው አልከፈት ያለ ቀን ብቻ ነው።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ በር ነው፤ በተለይ ሊኑክስ ላይ ስላለው። አውቃለሁ፣ «ሊኑክስ» የሚለውን ቃል ስታዩ ግማሻችሁ ገጹን ልትዘጉ እጃችሁን ወደ ማውዙ ሰዳችኋል። ቆይ፣ ቆይ! እኔም ኮምፒውተር ሳይንስ አልተማርኩም። የተመረቅኩት በጋዜጠኝነት ነው። ስለዚህ ለእኔ ያልገባኝን ለእናንተ አልጽፍም፤ እንኳን የማይገባችሁ ነገር!

ለምን አሁን?

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። «ታዲያ ወደ ዊንዶውስ 11 እንሂዋ!» ትሉ ይሆናል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ኮምፒውተር አይወድም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል፣ ፕሮሰሰሩም አዲስ እንዲሆን ይፈልጋል።

አሁን ከቧንቧ ውሃ ተነሥታችሁ በፒያሳ በኩል እየዞራችሁ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶቹን ቁጠሩ። በሀረጎ ቁልቁል ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ያሉትንም ጨምሩ። በየጠረጴዛው ላይ ያለው ኮምፒውተር ስንቱ ዊንዶውስ 11ን ይሸከማል? ብዙዎቹ እኮ ሌላ አገር ሠርተው ጡረታ ከወጡ በኋላ እኛ ጋ ለሁለተኛ ጊዜ የተቀጠሩ ናቸው። በዚያ ላይ በጥቅምት መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ገብቶ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሲቆይ ወሎ ዩኒቨርሲቲን ጨምሮ ስንት መሥሪያ ቤትና ስንት ሱቅ ኮምፒውተሩን እንዳጣ የማያስታውስ ደሴዬ የለም። የተረፈውን ኮምፒውተር አርጅቷል ብሎ የሚጥል ሀብታም እዚህ ከተማ ውስጥ አላውቅም።

ላረጀ ኮምፒውተር ደግሞ ነጻ፣ ቀላልና ዝማኔ የማይቋረጥበት ነገር አለ፤ እሱም ሊኑክስ ነው። ኡቡንቱ በሉት፣ ሚንት በሉት፣ ቀለል ያለውን ኤክስኤፍሲኢ በሉት። ስለዚህ የሊኑክስ ፋይል ማኔጀር ነገር የጥቂት መነጽራም ልጆች ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል። የእናቴ ማመልከቻ፣ የእናንተ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የጎረቤታችሁ የይዞታ ማረጋገጫ ስካን የሚያድርበት ቤት ጉዳይ ሆኗል።

መጀመሪያ ምስጋና

ትችት ከመጀመሬ በፊት ውለታ ላንሣ። ፍላሻችሁን የሆነ ቦታ ሰክታችሁ ስትመለሱ ፎልደሮቹ ሁሉ ጠፍተው በምትካቸው ሾርትከት ብቻ ተደርድሮ አግኝታችሁ አታውቁም? እዚህ አገር ኮምፒውተር ነክቶ ይህ ያልደረሰበት ሰው ካለ እጁን ያውጣ። ቫይረሱ የሚያደርገው ፎልደሮቻችሁን ማጥፋት አይደለም፤ በዊንዶውስ ምልክት «ድብቅ» ይላቸውና የራሱን ሾርትከት ፊት ለፊት ያቆማል።

ያንኑ ፍላሽ ሊኑክስ ላይ ስኩት። ሊኑክስ ፋይልን የሚደብቀው ስሙ በነጥብ ሲጀምር ብቻ ነው። የዊንዶውስን «ድብቅ» የሚል ምልክት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ጠፋ የተባለው ፎልደር ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ሾርትከቱንም ብትጫኑት ዊንዶውስ ላይ እንደሚያደርገው አይነሣም። ስንት አልቅሶ የመጣ ተማሪ በዚህ መንገድ ፋይሉን አግኝቶ እየሳቀ ሄዷል።

ምስጋናው እዚህ ላይ ይብቃ። አሁን ወደ ጠቡ።

አንደኛ፦ «ጨርሻለሁ» የሚል ውሸት

ሊኑክስ ላይ ትልቅ ፋይል ወደ ፍላሽ ኮፒ አድርጉ፤ ቪዲዮ ይሁን። መስመሩ ሽው ብሎ ይሞላል። «እንዴት ፈጣን ነው!» ትላላችሁ። ፍላሹን ትነቅላላችሁ። ቤት ሄዳችሁ ስትከፍቱት ቪዲዮው ግማሽ ነው፤ ወይም ጭራሽ አይከፈትም።

ምን ሆነ? ሊኑክስ ፋይሉን በቀጥታ ፍላሹ ላይ አልጻፈውም። መጀመሪያ ራም ላይ ያሳርፈዋል፣ ከዚያ ከኋላ ሆኖ በዝግታ ወደ ፍላሹ ያወርደዋል። መስመሩ የሚቆጥረው ራም ላይ የደረሰውን ነው። ከአዲስ አበባ የተላከላችሁ ጭነት ኮምቦልቻ ሲደርስ ሹፌሩ ደውሎ «ደሴ ገብቷል፣ ውሰዱ» እንደሚላችሁ ማለት ነው። ወንድሜ፣ የሀረጎ ዳገት ገና እኮ ነው!

የሚያውቁት ሰዎች መልስ አላቸው፤ «ኢጀክት የሚለውን ተጭነሽ፣ መንቀል ይቻላል የሚል መልእክት እስኪመጣ መጠበቅ ነበረብሽ» ይላሉ። ልክ ናቸው። ግን ጽሕፈት ቤቱን አስቡት። ባንኮኒው ላይ ሰባት ሰው ተደርድሯል። አንዲት እናት ከወረዳ መጥተው «ልጄ፣ መኪናው ሊሄድብኝ ነው፣ ቶሎ በይ» ይላሉ። ልጅቷ መስመሩ ሲሞላ ታያለች፣ «ይኸው እማማ፣ አልቋል» ብላ ነቅላ ትሰጣቸዋለች። ጥፋቱ የማን ነው? የእሷ ነው? ማሽኑ አልቋል ሲላት አምና የሰጠች ልጅ ምን ትባላለች?

ዊንዶውስ ይህን ነገር አስቦበታል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዊንዶውስ 10 ላይ የተለመደው አሠራር ፍላሽ በችኮላ ለሚነቅል ሰው የሚመች ሆኗል፤ ሰው እንደሚነቅል አውቀው ለሚነቅለው ሰው ሠሩለት። የሊኑክስ ፋይል ማኔጀሮች መጠየቅ ያለባቸው ይህንኑ ነው፤ ወይ መስመሩ ፍላሹ ላይ በእውነት የተጻፈውን ይቁጠር፣ ወይ ሲሞላ «ቆይ፣ ገና እየጻፍኩ ነው» ብሎ ፊት ለፊት፣ በትልቁ፣ በአማርኛ ይናገር። ቢዘገይ ችግር የለም። እኛ መጠበቅ የለመድን ሕዝብ ነን፤ የማንችለው መዋሸቱን ነው።

መብራትን ደግሞ አትርሱት። ፋይሉ ራም ላይ ሳለ መብራት ጠፋ ማለት ፋይሉ የለም ማለት ነው። ስለ መብራታችን ከዚህ በላይ መናገር አያስፈልገኝም።

ሁለተኛ፦ ዓለምፀሐይን ፈልጉልኝ

አሁን የእኛው የራሳችን ወደሆነ ችግር እንምጣ። «ዓለምፀሐይ» የሚል ስም ያለው ፋይል አለ እንበል። ስትፈልጉት እንዴት ብላችሁ ትጽፋላችሁ? በዓይኑ ዓ ነው፣ በዐ ነው፣ በአ ነው ወይስ በኣ? በፀሐዩ ፀ ነው ወይስ በጸሎቱ ጸ? ሐ ነው፣ ሀ ነው፣ ኀ ነው፣ ወይስ ሃ፣ ሓ፣ ኃ? ቁጭ ብዬ አባዛሁት፦ 4 በ2 በ6፣ 48 መንገድ! አንዲት ሴት፣ አንድ ስም፣ አንድ ድምፅ፣ 48 አጻጻፍ። ፋይል ማኔጀሩ ደግሞ ከ48ቱ አንዱን ብቻ ያውቃል፤ ፋይሉን የሰየመችው ልጅ የጻፈችውን። ሌላውን ስትጽፉለት «ምንም አልተገኘም» ብሎ ፊቱን ያዞራል።

ይኸው ፋይል ማኔጀር እኮ ለላቲን ፊደል እንዲህ ጨካኝ አይደለም። በትልቁ ፊደል ጽፋችሁ በትንሹ ብትፈልጉ «ያው ነው» ብሎ ያገኝላችኋል። ይህን የሚያደርገው አንድ ሰው ተቀምጦ «እነዚህን ሁለቱን እንደ አንድ ቁጠር» ብሎ ስለጻፈለት ነው። ለእኛ ፊደል ማንም አልጻፈለትም።

ድርድሩም ከፍለጋው አይሻልም። በስም ስታስደረድሩ «ሀምሌ» ከላይ ይሆናል፣ የለ ቤተሰብ ሁሉ መሐል ይገባል፣ «ሐምሌ» ከዚያ በታች ይመጣል። ሠ ከረ በፊት ነው፣ ሰ ከረ በኋላ። ስለዚህ «ሠርግ» እና «ሰርግ» የተባሉ ሁለት ፎልደሮች ጎን ለጎን አይቀመጡም። የአንድ ሰው ፎቶ ሁለት ሰፈር ያድራል። ፎቶ አንሺው ደግሞ «ግማሹ ጠፍቷል» ብሎ ሙሽሮቹን ይቅርታ ይጠይቃል!

መፍትሔው ከባድ ነው እንዳትሉኝ። ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ፣ ፀ፤ አምስት ቤተሰብ፣ በየቤቱ ሰባት ልጅ፣ 35 ፊደል። እያንዳንዱን ከድምፅ መንትያው ጋር የሚያገናኝ አንድ ሠንጠረዥ ነው የሚያስፈልገው። ሀና ሃን፣ አና ኣን ጨምሩበት። አለቀ።

«ፊደላችንን ልታጠፊው ነው እንዴ?» የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። አይደለም። ሠረቀ ወጣ፣ ሰረቀ ሌባ ሆነ፤ የግዕዙ ልዩነት ይገባኛል፣ አከብረዋለሁም። የፋይሉን ስም ማንም አይንካው፤ የጻፋችሁት እንደጻፋችሁት ይቀመጥ። እኔ የምለው ስፈልግ ብቻ ነው። ሰው እንኳ «ዓለምፀሐይ!» ብላችሁ ስትጠሯት «በየትኛው ሐ ነው የጠራሽኝ?» አትላችሁም። ዞር ትላለች።

ይህ ሁሉ የማይነሣው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ብዙዎቻችን ፋይል በአማርኛ ስለማንሰይም ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በየራሳቸው ፎንት የሚሠሩ የአማርኛ መጻፊያዎች ስለነበሩ፣ ጽሑፉ አማርኛ ሆኖ የፋይሉ ስም በላቲን «ዴብዳቤ ፋይናል ኒው 2» ሆኖ ቀረ። ልማዱ ከምክንያቱ በላይ ዕድሜ አገኘ። ዛሬ በአማርኛ መሰየም ይቻላል፤ ግን ስንሰይም ስለማይገኝ ወደ «ፋይናል 2» እንመለሳለን።

ሦስተኛ፦ 85 ፊደልና «ጃንዋሪ»

ሁለት ትናንሽ ነገሮች ልጨምር፤ ትናንሽ የሚመስሉ።

ሊኑክስ ፋይሎችን የሚያስቀምጥበት የተለመደው ሥርዓት፣ ኢኤክስቲ4 የሚባለው፣ ለአንድ ፋይል ስም የሚሰጠው ቦታ 255 ባይት ነው። አንድ የላቲን ፊደል 1 ባይት ይበላል። የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት። ስለዚህ ለእንግሊዝኛ ጸሐፊ 255 ፊደል ሲፈቀድ ለእኛ 85 ነው። ዊንዶውስ በፊደል ስለሚቆጥር እኛንም እስከ 255 ይፈቅድልናል። የደብዳቤውን «ጉዳዩ፦» ሙሉውን ገልብጦ የፋይል ስም የሚያደርግ የቢሮ ሰው ደግሞ አገሩን ሞልቶታል። ያ ፋይል ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሲሻገር «ስሙ ረዝሟል» ተብሎ ይመለሳል። እንግሊዝኛ ከሆነ ያልፋል፣ አማርኛ ከሆነ ይመለሳል። የዲስኩን ሥርዓት በአንድ ጀንበር መቀየር አይቻልም። ፋይል ማኔጀሩ ግን ቢያንስ «ስሙን እዚህ ጋ ላሳጥርልህ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

ቀኑ ደግሞ አለ። «መቼ ነበር የጻፍኩት?» ብላችሁ በቀን ስትፈልጉ፣ ኮምፒውተሩን ወደ አማርኛ ብትቀይሩት እንኳ የሚያሳያችሁ «ጃንዋሪ» ነው፤ የፈረንጁ ወር በእኛ ፊደል ተጽፎ። የሰው ጭንቅላት ውስጥ ያለው «ከጥምቀት በፊት፣ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ» ነው። ኬዲኢ የሚባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ በአራተኛው ትውልዱ ላይ የኢትዮጵያን የዘመን አቆጣጠር አስገብቶ ነበር። ወደ አምስተኛው ሲሸጋገር ያ የቆየ የቀን መቁጠሪያ ክፍል ወደኋላ ቀረ። የተሰጠን ነገር ነበር፤ ሲወሰድ «የታለ?» ብሎ የጮኸ ሰው ግን አልሰማሁም።

ለመሆኑ ማን ነው የሚወስነው?

የግኖም ፋይል ማኔጀር ታሪክ ራሱ ድራማ ነው። ናውቲለስ ይባላል። ኢዝል የሚባል ኩባንያ ነው የሠራው፤ ከመጀመሪያው ማኪንቶሽ ሠሪዎች አንዱ የነበረው አንዲ ኸርትዝፌልድም እዚያ ነበር። የመጀመሪያው ሙሉ ዕትም በመጋቢት 2001 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ኩባንያው በግንቦት ተዘጋ። ልጁን ወልዶ ሞተ በሉት።

ከዚያ ወዲህ ልጁ በማደጎ አደገ፤ አሳዳጊው ደግሞ ሐሳቡን ቶሎ ቶሎ ይቀያይራል። በ2004 እ.ኤ.አ. «እያንዳንዱ ፎልደር በራሱ መስኮት ይከፈት» ተባለ። አምስት ፎልደር ገብታችሁ ስትወጡ ስክሪኑ የሰኞ ገበያን ይመስል ነበር። ሰው አጉረመረመ፣ በ2010 እ.ኤ.አ. ቀረ። በ2012 እ.ኤ.አ. ደግሞ መስኮቱን ለሁለት ከፍሎ መሥራት የሚያስችለው ነገር «አያስፈልግም» ተብሎ ወጣ። ያ ብዙ ሰው ስላናደደ የሊኑክስ ሚንት ልጆች የድሮውን ገልብጠው ኔሞ የሚባል የራሳቸውን ጀመሩ። ፎቶ ለመላክ ፋይል ስትመርጡ በሚከፈተው መስኮት ላይ ፎቶዎቹን በትንንሽ ምስል ደርድሮ የማየት ጥያቄስ? በ2004 እ.ኤ.አ. ተጠየቀ፣ በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው ጂቲኬ 4.10 ተመለሰ። ያን ጊዜ የተወለደ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል!

ይህን ሁሉ የማወራው ልሳደብ አይደለም። አብዛኞቹ በነጻ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፣ ያለ ደመወዝ። ግን ከታሪኩ አንድ ነገር ይታያል፤ የሚቀየረው ነገር የሚቀየረው አንድ ሰው ስለከፋው ወይ ስለጮኸ ወይ ራሱ ስለሠራው ነው። ሚንቶች ከፋቸው፣ ሠሩ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ሰዎች ግኖምን ወደ አማርኛ መለሱ፤ ማንም አላዘዛቸውም። በ2008 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጥቂት ሺህ የ«አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» ኮምፒውተሮች ወደ አገራችን ገቡ፤ ሊኑክስ ናቸው፣ ፋይልና ፎልደር የሚባል ነገር ፊት ለፊት የላቸውም፤ በምትኩ ልጁ የሠራውን በጊዜ ቅደም ተከተል የሚመዘግብ «ጆርናል» ነበራቸው። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ መጥፎ ሐሳብ ነው ብለን መከራከር እንችላለን። እኔን የሚቆረቁረኝ ግን ሐሳቡ ከሩቅ ታስቦ መምጣቱ ነው። ስለ እኛ ልጆች ፋይል አቀማመጥ እኛ ምን አልን?

«ቴሌግራም አለ አይደል?»

ጓደኞቼ ይህን ሳነብላቸው የሚሉኝን አውቃለሁ፤ «አንቺ ደግሞ! ማን ፎልደር ይከፍታል? ሁሉንም ነገር ቴሌግራም ላይ ለራሴ እልካለሁ።» እውነት ነው፤ የዚህ ትውልድ ፋይል ማኔጀር ቴሌግራም ሆኗል። እሱ ግን የሚሠራው መስመር እስካለ ድረስ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ሲዘጋ ምን አደረግን? ፍላሽ ይዘን ከሰፈር ሰፈር፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ዞርን። ዳመናው ሲዘጋ የቀረን ያ ትንሽ ፍላሽና ያ አሮጌ ኮምፒውተር ነበር። የተናቀው በር ያን ጊዜ ዋና በር ሆነ። ደግሞስ ቴሌግራም ላይ ዓለምፀሐይን በ48ቱ መንገድ ፈልጋችሁ ታውቃላችሁ?

ስለዚህ ምን ይሁን?

ለኮምፒውተር ተማሪዎች፣ በተለይ ኮምቦልቻ ላሉት የወሎ ዩኒቨርሲቲ ቴክኖሎጂ ልጆች፣ አንድ ልመና አለኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክት ስትመርጡ እባካችሁ ሌላ «የተማሪዎች መረጃ አያያዝ ሲስተም» አትሥሩ። ስንቱ ተሠርቶ ስንቱ ሼልፍ ላይ አቧራ እንደሚጠጣ እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ። የናውቲለስም፣ የዶልፊንም፣ የኔሞም፣ የቱናርም ኮድ ክፍት ነው፤ ማንንም ሳታስፈቅዱ አውርዳችሁ ታነቡታላችሁ። 35 ፊደል የሚያጣምር ሠንጠረዥ ሥሩ። ፍላሹ ላይ በእውነት የተጻፈውን የሚቆጥር መስመር ሥሩ። ተቀባይነት ካገኘ በዓለም ላይ ያለ አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ይገለገልበታል፤ እንዲህ ያለ ሲቪ ደግሞ የትም አይገኝም።

ለመምህራን ደግሞ፦ ተማሪዎቻችሁን አንድ ቀን ከላብራቶሪ አውጥታችሁ አንድ ጽሕፈት ቤት ውስጥ አስቀምጧቸው። ኮድ አይጻፉ፤ ዝም ብለው ይዩ። ሰው ፋይሉን ምን ብሎ እንደሚሰይም፣ የት እንደሚያጣው፣ ፍላሹን መቼ እንደሚነቅል ይመዝግቡ። የሊኑክስ ሠሪዎች በብዛት የጎደላቸው ይህ ነው፤ እኛ ደግሞ በየመንገዱ ጥግ አለን።

ለእኔ ቢጤው፣ ኮድ ለማይችለው፦ ተርጉሙ። ያልገባችሁን ጠቁሙ፤ ችግሩን በተሰባበረ እንግሊዝኛም ቢሆን ጻፉላቸው። «እዚህ አገር ሰው በአማርኛ ይፈልጋል፣ አያገኝም» የሚል አንድ አንቀጽ ካልደረሳቸው ከየት ያውቃሉ? ዝምታችንን እንደ እርካታ ቢቆጥሩት አይፈረድባቸውም።

እስከዚያው ድረስ ግን፣ ሊኑክስ ላይ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ኢጀክት የምትለዋን ተጫኑ፣ መንቀል ይቻላል እስኪላችሁም ጠብቁ። መስመሩ ቢሞላም አትመኑት፤ የሀረጎ ዳገት ገና ነው።

ቸር ያሰማን!